በሊዑል ስም የቀረ መሰኪያ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው ተረት እንደ አቶ ባስልዮስ ላለ ሰው ሳይነገር አልቀረም። ነገሩ ሁሉ ካለፈ ከወር በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ከተማ፣ ከፒዮሪያ ስትሪት ብዙም በማይርቅ የኮምፒውተር ዕቃ መደብር ቆመው አዲስ ራውተር፣ ያን የኢንተርኔት ማከፋፈያ፣ ከነካርቶኑ ያገላብጡ ነበር።

«ጋሽ ባስልዮስ! እንደምን አረፈዱ?»

ዞር ቢሉ የወይዘሮ እታለም ልጅ ሶልያና ናት። ግሪን ቫሊ ራንች በሚባለው ሰፈር ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ ሥራዋም የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ኔትዎርክ መጠበቅ ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ምን ሆኖ ነው፣ የቸርቹ ራውተር ተበላሸ እንዴ?»

«አርጅቷል» አሉ ዓይናቸውን እያሸሹ። «ቅዳሜ የመልከጼዴቅ ሚስት የዘርፈሽዋል አርባ ነው። ዳግመኛ መዋረድ አልፈልግም።»

«መጀመሪያ አሮጌውን ልየውና ከዚያ ይገዛሉ። ዛሬ ኦፍ ነኝ።»

እምቢ ለማለት ምክንያት አጡ። ካርቶኑን መደርደሪያው ላይ መልሰው ተከትለዋት ወጡ።

አቶ ባስልዮስ ዴንቨር ውስጥ ሃያ አምስት ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው የስልክ ሽቦ ይዘረጉ ስለነበር፣ የቤተ ክርስቲያኑን ኢንተርኔት ገመድ በገመድ የዘረጉት እሳቸው ናቸው፤ ያለ ክፍያ፣ ሦስት ክረምት ሙሉ። ታዲያ ራውተሩ ላይ ያለውን እያንዳንዱን መሰኪያ በሰው ስም ጠሩት። የጽሕፈት ቤቱ በጸሐፊው በሊዑል፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ በመምህርቷ በጽጌረዳ፣ ሌላውም እንዲሁ። ወረቀት መለጠፉ አልበቃ ብሏቸው ራውተሩ ውስጥ ገብተው ፋብሪካው የሰጠውን ስም አጥፍተው የእነዚህን ሰዎች ስም ጻፉበት። ሊዑል ዳላስ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ስሙ ግን እዚያው ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ እንደደረሱ ሶልያና የኋላ ክፍሉን የገመድ ሳጥን ከፍታ ገመዶቹን አንድ በአንድ በእጇ ተከተለች። ብዙ አልቆየችም።

«ራውተሩ ምንም አልሆነም፣ ጋሼ። ይሄ ግን ግራ ገባኝ። ሊዑል የሚለው ገመድ የሚሄደው ጸሎቱን በኢንተርኔት የሚያስተላልፈው ካሜራ ጋ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቁ ለምን ሊዑል ይላል?»

ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ለንስሐ አባታቸው እንኳ ያልተነፈሱትን ለዚህች ልጅ ሊናገሩት ነው።

«በዘርፈሽዋል ቀብር ዕለት ነው። እዚህ ክፍል ሆኖ ካሜራውን የሚጠብቀው ቀጸላ ነበር፤ እኔ ከለቀስተኛው ጋር ነኝ። አስከሬኑ ሊነሣ ሲል ደወለልኝ፤ ‹ምስሉ እየተቆራረጠ ነው፣ ደብረ ብርሃን ያሉት አላየንም እያሉ ነው› አለኝ። እኔ ምን አልኩት? ‹ሊዑል የሚለውን ንቀለው፤ ባዶ ቢሮ ነው፣ ያ አሮጌ ኮምፒውተር በከንቱ ኢንተርኔቱን እየበላ ነው።› ነቀለው። ለካስ ባለፈው ጥምቀት ካሜራውን እዚያ የሰካሁት እኔው ራሴ ነኝ። ስሙን በኋላ እቀይረዋለሁ ብዬ ረስቼው። መልሶ እስኪሰካው አስከሬኑ መኪና ላይ ወጥቶ ነበር።»

«ውይ! ያዩ የነበሩት እነማን ናቸው?»

«ታላቅ እህቷ አልጣሽ። እህቴ እዚያ አትቀበር፣ ያገሯን አፈር ትልበስ ብላ ከባልየው ከመልከጼዴቅ ጋር ተጣልታ ነበር። ምስሉ ሲጠፋባት ‹ሆን ብሎ ዘጋብኝ› አለች። ከዚያ ወዲህ ስልኩን አታነሣለትም። እሱ መጥቶ ምን ሆኖ ነው ብሎ ቢጠይቀኝ፣ እኔ... ‹ኢንተርኔቱ ነው› አልኩት።»

ሶልያና ሰውየውን መውቀስ ትችል ነበር፤ እናቷ ያስተማረቻት ግን የወደቀ ሰው ላይ አለመጨመርን ነው። እሷም ወደ ገመዱ ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ካልተቆጡኝ ስሞቹን ሁሉ እንቀይር። በቦታቸው ይጠሩ። ይሄ ለምሳሌ ጊጋ 0/0/3 ነው ስሙ።»

«ምን ያለው ስም ነው ደግሞ?»

«ጊጋ ዓይነቱ ነው፣ የምን ዓይነት ፖርት፣ ማለት መሰኪያ፣ እንደሆነ። የመጀመሪያው ዜሮ ራውተሩ ራሱ፣ ሁለተኛው ዜሮ ራውተሩ ውስጥ ያለው ካርድ፣ ሦስት ደግሞ ካርዱ ላይ ያለው ፖርት። ይቺን ያነበበ ሰው በጨለማም ቢሆን በእጁ ዳብሶ ያገኘዋል።»

«የኔ ጥፋት መርሳቴ እንጂ ስም ማውጣቴ አይደለም» አሉ አቶ ባስልዮስ ቆጣ ብለው። «ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለም?»

«የሰውን ስም ነዋ! የዚህን ፖርት ግን ያወጡት እርስዎ ነዎት።»

ፈገግታ ሊያመልጣቸው ሲል ዋጡት። «ስሚ ልጄ። ሱዳን ስደተኛ ሆኜ ስድስት ዓመት በቁጥር ነው የኖርኩት። የራሽን ሰልፍ ላይ ቁጥሬ እንጂ ስሜ ተጠርቶ አያውቅም። እዚህ ስንመጣ፣ የራሳችን ነው ባልነው ቤት ውስጥ፣ ግድግዳው እንኳ በሰው ስም ይጠራ ብዬ ነው። አሁን አንቺ መጥተሽ ዜሮ ዜሮ ሦስት ትይኛለሽ።»

ይህ የሚናቅ መልስ አልነበረም። ልጅቷም አላቃለለችውም። ተማርን የሚሉ ብዙዎች እዚህ ላይ ይስቃሉ፤ ስቀውም ሽማግሌውን ያጧቸዋል።

«እውነትዎን ነው» አለች። «ሰውን በቁጥር መጥራት ነውር ነው። ግን ይሄ ሰው አይደለም፣ ቦታ ነው። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ኤርፖርት ስንት ዓመት ነዱ?»

«ሃያ አምስት።»

«ተሳፋሪው ቢ 32 ነኝ ሲልዎት ምን ማለቱ ነው?»

«ቢ ኮንኮርስ፣ ቢ የሚሉት የመሳፈሪያ ሕንፃ፣ በር ቁጥር ሠላሳ ሁለት ነዋ።»

«በሩን ዛሬ የሚጠቀምበት አየር መንገድ ነገ ቢለቅስ?»

«ሌላው ይገባበታል።»

«የበሩስ ስም?»

አቶ ባስልዮስ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ስንት አየር መንገድ ሲገባና ሲወጣ አይተዋል፤ በሩ ግን ስሙን ቀይሮ አንድ ቀን አሳስቷቸው አያውቅም።

«ቢ 32 ያው ቢ 32 ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«አየር መንገዱን ደግሞ ከበሩ በላይ ስክሪን ላይ ይጽፉታል፤ ሲለቅ ያጠፉታል። እኛም እንደዚያ እናድርግ። ራውተሩ መግለጫ የሚጻፍበት ቦታ አለው። ስሙ ጊጋ 0/0/3 ይሁን፣ መግለጫው ላይ ‹ካሜራ፣ ባስልዮስ የሰካው፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ› ይባል። የሰው ስም ከቦታው አጠገብ ይጻፍ እንጂ በቦታው ፈንታ አይጻፍ፣ ጋሼ።»

«በዚያን ቀን እንዲህ ቢሆን ኖሮ?»

«‹0/0/3ን ንቀል› ሲሉት ቀጸላ መግለጫውን አንብቦ ‹እሱ እኮ ካሜራው ነው› ይልዎት ነበር።»

አዛውንቱ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። የሚያሳዝነው ነገሩ ትልቅ አለመሆኑ ነው፤ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። ትልቅ ጥፋት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ለመናገሩም ድፍረት ያገኙ ነበር።

«እሺ፣ ቀይሪው» አሉ። «የሊዑልን እኔ ልላጠው።»

ወረቀቱን በጥፍራቸው ላጡት። እሷ የፋብሪካውን ስሞች በራውተሩ ውስጥ መለሰች፤ እሳቸው የመሰኪያዎቹን ዝርዝር ከነመግለጫቸው በእጃቸው ጽፈው ሳጥኑ በር ላይ ለጠፉ። ሲጨርሱ ቀትር ሆኖ ነበር። ደብረ ብርሃን ምሽት ነው፤ ገና አልተኙም። አቶ ባስልዮስ ስልካቸውን አወጡ።

«ሶልያና፣ አትሂጂ። አጠገቤ ቁሚልኝ።»

ወይዘሮ አልጣሽ በሦስተኛው ጥሪ አነሡ።

«እትዬ አልጣሽ፣ ባስልዮስ ነኝ፣ ከአሜሪካ። በቀብሩ ዕለት የዘጋብዎት መልከጼዴቅ አይደለም። እኔ ነኝ። ተሳስቼ ገመዱን አስነቀልኩት፤ አፍሬም ዝም አልኩ።»



«ወር ሙሉ» አሉ ሴትዮዋ። «ወር ሙሉ የእህቴን ባል ስረግም ሰምተህ ዝም አልክ?»

«አዎን።»

«በል እንግዲያው ንገረኝ። እኔ ያየሁት የአስከሬኑ ሳጥን ሊነሣ እስኪል ድረስ ነው። ስትወጣ እንዴት ነበረች? ማን ማን ተሸከማት?»

አቶ ባስልዮስ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ መሆን የነበረባቸው እሳቸው ነበሩ፣ በግራ በኩል፣ ከፊት። ያን ጊዜ ግን ጀርባቸውን ሰጥተው ለቀጸላ በስልክ ይንሾካሾኩ ነበር፤ ቦታቸውን ሌላ ሰው ያዘው። ዞር ሲሉ በሩ ባዶ ነበር።

«እኔም አላየኋትም፣ እትዬ» አሉ። «ስለዚያ ገመድ እያወራሁ ሳለ ወጣች።»

ወይዘሮ አልጣሽ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «መልከጼዴቅን ደውል በለው» አሉና ዘጉ።

ቅዳሜ ዕለት የአርባው ጸሎት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደብረ ብርሃን ድረስ ታየ። በመካከል አንድ ጊዜ ምስሉ ሲንቀጠቀጥ ቀጸላ የገመድ ሳጥኑ በር ላይ ያለውን ዝርዝር አንብቦ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ የትኛውን መንቀል የትኛውን መተው እንዳለበት ዐወቀ። ሊዑል ከዳላስ ቢመለስ ለስሙ ክብር አዲስ ወንበር ይሰጠዋል እንጂ አሮጌ ገመድ አይጠብቀውም። ከዚያ ወዲያ ያንን ክፍል የሚረከብ ሁሉ ባስልዮስ ቢኖሩም ባይኖሩም ሥራውን ይሠራል፤ የሥርዓት ጥቅሙ ይኸው ነው።

መልከጼዴቅና አልጣሽ በስልክ ተላቅሰዋል። አቶ ባስልዮስ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በቤተ ክርስቲያኑ ቀብር በተፈጸመ ቁጥር ስልካቸውን መኪና ውስጥ ትተው ይገባሉ፤ ሳጥኑ ሲነሣም በግራ በኩል ከፊት ይቆማሉ።