የእማማ እንጉዳይ ጋሪና የዮታም ማዘያ

በክፋር ጋኒም ሰፈር ካሉት ሕንጻዎች በአንደኛው አሳንሰሩ የተበላሸው ማክሰኞ ቀን ነው፤ ከቀትር በኋላ፣ ሰው ቆሞ በሚያንቀላፋበት ሰዓት። ውጭ የበረሃው ትኩስ ነፋስ ሰማዩን አቧራማ ወርቅ አስመስሎታል። በደረጃው መስኮት የሚገባው ብርሃንም እንደ ማር ቀስ እያለ በግድግዳው ላይ ይወርዳል። እማማ እንጉዳይ ከደረጃው ሥር ቆመው አንዴ የአሳንሰሩን በር፣ አንዴ በጋሪው ውስጥ የሚያለቅሰውን የልጅ ልጃቸውን ያያሉ። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ይኖን ሰባት ወሩ ነው። እናቱ ኢፋት ኪርያት አርዬ ወዳለው መሥሪያ ቤቷ ከተመለሰች ሦስተኛ ቀኗ ሲሆን፣ ልጁ ሦስቱንም ቀን ከአያቱ ጋር ሲያለቅስ ነው የዋለው። ትናንት ማታ ኢፋት፣ «እማ፣ እስከ ሐሙስ ካልለመደሽ እሑድ ማዖን አስገባዋለሁ፤ ቦታ ይዣለሁ» ብላቸዋለች። ማዖን ያለችው የሕፃናት መዋያውን ነው። ማስገባቷ ሳይሆን አስቀድማ ቦታ መያዟ ነው ያንገበገባቸው። ስድስት ልጅ ያሳደጉ ሴት አንድ ሕፃን ማባበል አቅቷቸው የሙከራ ጊዜ ይሰጣቸው!

በዚህ መካከል የሁለተኛ ፎቁ የአቶ ንጋቱ ልጅ ዮታም ከውጭ ገባ። ዘንድሮ የፊዚዮቴራፒ ትምህርቱን የሚጨርስ፣ ቁምጣ ለባሽ፣ ሳቂታ ወጣት ነው። ሕፃን ልጁን ሻሃርን በግራ ጎኑ አንፈራጥጦ፣ ከትከሻው በሚወርድ ሰማያዊ የሽመና ጨርቅ አዝሏታል። ልጅቷ እንቅልፏን ትለጥጣለች።

«ሻሎም እማማ እንጉዳይ፣ እንዴት ዋሉ?»

«ይመስገን። አንተ ልጅ፣ ምንድን ነው ይሄ የተጠመጠምከው?»

«ልጄን አዝዬ ነዋ።»

«እሱንማ አየሁ። ወንድ ሲያዝል ግን ገና ዛሬ ማየቴ ነው። ጋሪ የለህም?»

«አለኝ፤ መኪና ውስጥ ተኝቷል። እሱም ይረፍ እንጂ።»

«ቀልድ! ሰው ምን ይላል? ትናንት ከአውሮፕላን የወረዱ ነው የሚለን። አባትህስ አያፍርም?»

«መጀመሪያ ሳምንት አብሮኝ አሳንሰር አልገባም ነበር። አሁን እኔ ልያዛት እያለ ይጣላኛል።»

ዮታም ጋሪውን በነፃ እጁ ከፊት አነሳ፤ እሳቸው ከኋላ መያዣውን ያዙ። የመጀመሪያው ፎቅ ላይ ሲደርሱ የእማማ እንጉዳይ ትንፋሽ አለቀ፤ የይኖን ለቅሶ ግን ገና መጀመሩ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ከእሳቸው ጋር ክርክር የገጠመ ሰው ምሳው እንደሚበርድበት ሕንጻው በሙሉ ያውቃል፤ ዮታም ግን ምሳውን በልቶ ነው የመጣው።

«ስማ ልጄ፣ የሕፃን እግር እርጥብ እንጨት ነው። እንዲህ አንፈራጥጠህ ስትይዛት ይቆለመማል። ይህን የነገረችኝ ደግሞ ነጭ ጋውን የለበሰች ሴት ናት።»

«መቼ ነው የነገረችዎ?»

«ከአገር ቤት በመጣን በወሩ፤ መርካዝ ቅሊታ፣ የአዲስ ገቢዎች መቀበያው ውስጥ ሳለን። ኢፋት ጀርባዬ ላይ ነበረች። ሴትዮዋ በአስተርጓሚ፣ ‹እዚህ አገር እንዲህ አይደረግም› አለችኝና ማዘያውን ራሷ ፈታችው። ጋሪ ሰጠችኝ። እኔም ሥልጣኔ ነው ብዬ ገፋሁ። ከዚያ የወለድኳቸውን ሦስቱንም በጋሪ ነው ያሳደግሁ። የሰፈሩ ሴት ጋሪ አገፋፍ ከእኔ ነው የተማረ!»

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ተገለበጠ። አሮጊቷ ለአዲሱ ዕቃ፣ የተማረው ወጣት ለጥንቱ ጨርቅ ጠበቃ ቆሙ። እማማ እንጉዳይ ጋሪ ወዳድ ሆነው አልተወለዱም፤ ያን ዕለት የተሰማቸውን እፍረት ሁለተኛ ላለመቅመስ ነው ሠላሳ ዓመት የገፉት።

ዮታም ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሴትዮዋ ያኔ የተማረችውን ነግራዎት ይሆናል። እኛ የምንማረው ግን ሌላ ነው። የጭን አጥንት ጫፍ እንደ ኳስ ነው፤ ዳሌው ላይ ያለው ጎድጓዳ እንደ ኩባያ። የሕፃን ኩባያ ገና ለስላሳ ነው። እግሩ ተዘርግቶ ጥፍር ተደርጎ ሲታሰር ነው ኳሱ የሚያፈነግጠው። ጭኑ ተከፍቶ፣ ጉልበቱ ከመቀመጫው ከፍ ሲል ግን ኳሱ ቦታውን ይይዛል።»

«እኛ እኮ ሕፃን ስንጠቀልል እግሩን አጥብቀን ነበር።»

«ከእንግዲህ እግሩን ይልቀቁለት።»

እማማ እንጉዳይ የይኖንን እግር ነካ አደረጉ። «እሺ፣ አጥንቱን ተወው። እቅፍ የለመደ ልጅ ግን አይወርድም።»

«ማንን ይለምዳል?»

«ያቀፈውን ነዋ!»

«ታዲያ ኢፋት ‹እስከ ሐሙስ ይልመድሽ› ያለችዎ ይህንኑ አይደለም? ለሚስቴ ነግራታለች።»

  እማማ እንጉዳይ ተነሡ፤ ጋሪውን ሁለቱ ተሸክመው እስከ ሁለተኛው ፎቅ ወጡ።

ዮታም ቤቱ ገብቶ የሚስቱን ማዘያ አመጣ። እማማ እንጉዳይ የሸማኔ ልጅ ናቸውና ጨርቁን በጣታቸው አሹት። «ድሩ ደህና ነው። ማጉ ግን ላልቷል፤ የሸመነው ሰው ቸኩሏል።»

«ማሽን ነው የሸመነው።»

«ማሽንም ይቸኩላል።»

ከዚያ ትምህርቱ ተጀመረ። ልጁ ዳሌያቸው ላይ ጉብ አለ። ጨርቁ ከጉልበት እስከ ጉልበት ከሥሩ ተነጠፈለት፤ ጀርባውን ሸፍኖ እስከ ማጅራቱ ወጣ። «ፊቱ ሁልጊዜ ይታይዎት፤ አገጩ ደረቱ ላይ አይደፋ» አለ ዮታም። «አንገቱን ያልቻለ ጨቅላ እንዲህ በጎን አይታዘልም። ይኖን ግን ጎበዝ ነው።»

«በሰደር፣ ገባኝ። አንተ ግን የራስህን ቋጠሮ ምን ሆነህ ነው የትከሻ አጥንትህ ላይ ያስቀመጥከው? ወደ ደረትህ አውርደው!»

ዮታም አወረደው። ትከሻውን አንቀሳቀሰ፤ ፊቱ በራ። «ሦስት ወር ሙሉ አንገቴን ሲያመኝ የከረመው ለካ በዚህ ነው?»

«ይህን አያስተምሩም?» አሉ እማማ እንጉዳይ፤ የዚያን ቀን የመጀመሪያዋን ፈገግታ እያሳዩ።

ጋሪውን እዚያው የዮታም በር ላይ ትተው የቀሩትን ሁለት ፎቆች ብቻቸውን ጀመሩ። በሦስተኛው ደረጃ ይኖን አለቀሰ፤ በሰባተኛው ተነፈሰ፤ ከዚያ ጉንጩን ደረታቸው ላይ ጣለ። እርምጃቸው በባዶው ደረጃ ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል። አባታቸው የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ መርገጫውን ሲረግጥ እንዲህ ነበር ድምፁ። መወርወሪያው ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ልጅነታቸው ይሄዳል፣ ይመለሳል። የሚወጡት ደረጃ መሆኑንም ረሱት። እንቅልፉ ከሕፃኑ ወደ እሳቸው እየፈሰሰ፣ በዚያ የማር ብርሃን ውስጥ ማን ማንን እንደ ተሸከመ መለየት አቃታቸው። በራቸው ላይ ሲደርሱ እንዲያውም ደረጃው አነሰባቸው።

አመሻሽ ላይ ኢፋት ከሥራ ተመለሰች። ባለፉት ሁለት ምሽቶች ከሦስተኛው ፎቅ ጀምሮ የሰማችው ለቅሶ ዛሬ የለም። ደነገጠች፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጥታ በሩን ከፈተች። እናቷ ሰገነቱ ላይ ቀስ እያሉ ይመላለሳሉ።

«ሁ ያሼን?» አለች፤ ተኝቷል ወይ ማለቷ ነው።

«ቀስ! ሁለተኛ እንቅልፉ ነው» አሉ እማማ እንጉዳይ፤ ከዚያም ከሰዓታት በፊት የተማሩትን ትምህርት ከእናት ጡት ጋር የጠቡት አስመስለው ለቀቁት። «ዳሌው ቦታውን ይይዛል። የልቤን ምት እየሰማ ይረጋል፣ እስትንፋሱን እሰማለሁ፣ ፊቱን አያለሁ። አንድ እጄ ነፃ ነው፤ ልብስ አጥፌያለሁ። እሳት ዳር አልጠጋም። ወገቤን እንዳያመኝ ጎን እቀያይራለሁ። ይህን ሁሉ የተማረ ሰው ያውቀዋል።»

ኢፋት ማዘያውን በጣቷ ነካችው። «እኔንም እንዲህ ይዘሽኝ ነበር?»

«ሰባት ወር ሙሉ በጀርባዬ። ከዚያ አወረዱሽ።»

ኢፋት ቀረብ አለች። ልጇን አየች፤ እናቷን አየች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ወደ ክፍሉ ጥግ ዞር አለችና በዕብራይስጥ፣ በሹክሹክታ፣ ለእሑድ የያዘችውን ቦታ ለሌላ ልጅ እንዲሰጡት ነገረች።

«ጋሪውስ የት አለ?» አለች ስትመለስ።

«ሁለተኛ ፎቅ፣ ዮታም በር ላይ። አትጣይው» አሉ እማማ እንጉዳይ፤ ይኖንን ወደ ቀኝ ጎናቸው እያዛወሩ። «ለሽንኩርትና ለድንች የሚያህለው የለም።»