ሂርጳ የሚመቸውን መቀመጫ እስኪያገኝ

ክቡር አለቃችን አቶ ዓምደ ሚካኤል፣ ወይዘሮ ዲንቄ፣ እንግዶቻችን፣ ባልደረቦቼ፤ እስቲ አንድ ጊዜ ጸጥታ! ሂርጳ፣ አንተም ጸጥ በል። ዛሬ በጡረታ ስንሸኝህ እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ትሰማለህ፤ መልስ መስጠት ክልክል ነው።

የማታውቁኝ እንግዶች ካላችሁ፣ ወንድይራድ እባላለሁ፤ የጋራዡ መካኒክ ነኝ። መሥሪያ ቤታችን መድኃኒት ከዚህ ከየካ ወደየአገሩ ክሊኒክ ይልካል። መድኃኒቱን በዶቅዶቄ የሚያደርሰው ሂርጳ፣ ዶቅዶቄውን የምጠግነው ደግሞ እኔ ነበርኩ። የዚህን ሰውዬ ጉድ ከእኔ አብልጠው የሚያውቁት ባለቤቱ ወይዘሮ ዲንቄ ብቻ ናቸው። እሳቸው «የቤቴን ገመና አላወጣም» ስላሉ ነገሩ በእኔ ላይ ወደቀ።

የመጣበትን ቀን ልንገራችሁ። አርባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ የመስቀል ሰሞን ነው። ሂርጳ ከጦር ሠራዊት ተሰናብቶ፣ የወታደር ካፖርቱን እንደ ለበሰ በዚህ በር ገባ። እዚያም ሥራው መልእክት በሞተር ማድረስ ስለ ነበር፣ አቶ ዓምደ ሚካኤል ብዙ ሳይጠይቁት ወደ ጋራዡ ይዘውት መጡ። ያኔ የነበረን ሞተር ጣሊያን ጥሎት የሄደ አሮጌ ነው። መቀመጫው ላሜራ ላይ የተወጠረ ቆዳ ሆኖ፣ ከሥሩ ሁለት ሞላዎች አሉት፤ አንደኛው ተሰብሯል።

«ይኸው ሞተርህ!» አሉት አቶ ዓምደ ሚካኤል፣ ፈረስ እንደሚሸልም ሰው ኮራ ብለው።

ሌላ ሰው ቢሆን ሞተሩን ያስነሣል፣ ጎማውን ያያል፣ ፍሬኑን ይሞክራል። ሂርጳ ግን መቀመጫውን በመዳፉ ጫን አደረገና፣ «ጌታዬ፣ መቀመጫው ይኼ ነው?» አለ።

«አንተ የመጣኸው ልትሠራ ነው ወይስ ልትቀመጥ?»

«ጌታዬ፣ የዚህ ሥራ እኮ አብዛኛው መቀመጥ ነው።»

አቶ ዓምደ ሚካኤል ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «ይህ ሰው ወይ ያኮራናል ወይ ያሳብደናል» አሉኝ። ጌታዬ፣ ሁለቱም ደረሰብን!

ያን ጊዜ የካ እንደ ዛሬው ቤት በቤት አልሆነም ነበር። ከግቢያችን ጀርባ እስከ ተራራው ድረስ ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። ጧት ጧት ቅጠሉ በጤዛ ሲርስ የሚሸተው ሽታ አሁንም በአፍንጫዬ አለ። ሂርጳ አንድ ቀን በኮተቤ አድርጎ እስከ ደብረ ብርሃን ይዘልቃል፣ ሌላ ቀን በሽሮ ሜዳ እንጦጦን ወጥቶ፣ ሱሉልታን አቋርጦ ፍቼ ይሄዳል። መንገዱ ጠጠር፣ ጉድጓድ፣ በክረምት ደግሞ ጭቃ ነው። ሲመለስ የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ እንለየዋለን። ያኔ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች «ሂርጳ መጣ» ይላሉ፤ እኔ ደግሞ «ዛሬ ደግሞ ምን ይለኝ ይሆን?» እላለሁ።

ምክንያቱም ገና ከሞተሩ ሳይወርድ ነው የሚጀምረው። «ወንድይራድ፣ ይኼ መቀመጫ ሰው አይደለም እንዴ የሠራው?»

መጀመሪያ የበግ አጎዛ አመጣ። አጥፎ አሰረበትና፣ «አሁን ገና ሞተር ሆነ» አለ። በጋውን በደህና ዘለቀ። ክረምት ሲገባ አጎዛው ዝናብ ጠጣ፣ ሸተተ፤ ከኮተቤ እስከ ለገጣፎ ያለ ውሻ ሁሉ በግ ይዞ የሚሸሽ ሌባ መስሎት ያባርረው ጀመር። አንድ ቀን የሱሪው እግር ተተርትሮ መጣ። «ምን ሆንክ?» ስለው፣ «አጎዛውን ፈልገው እኔን አገኙ» አለኝ።

ቀጥሎ ወይዘሮ ዲንቄ አዘኑለትና ጭድ የተሞላ ትራስ ሰፉለት። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ትራስ ነበር። ግን ሂርጳ በራጉኤል በዓል ቀን እንጦጦ ላይ ሞተሩን አቁሞ ሊሳለም ገባ። ሲወጣ ትራሱ ተቀዶ፣ የአንድ ቄስ በቅሎ እያላመጠችው ነው። ቢሮ መጥቶ አቶ ዓምደ ሚካኤል ፊት ቆሞ፣ «ጌታዬ፣ መቀመጫዬ ተበላ» አለ። እሳቸውም እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡ። «ሂርጳ፣» አሉ፣ «እኔ በዚህ ወንበር ላይ ስንት ዓመት ስቀመጥ እንዲህ ያለ አቤቱታ ሰምቼ አላውቅም።»

ሦስተኛው የኔ ሐሳብ ነበር፤ አልደብቅም። የውስጥ ጎማ በነፋስ ሞልተን በሸራ ሸፈንነው። ሂርጳ ሲቀመጥበት ፊቱ እንደ ሙሽራ በራ። ከእንጦጦ ሲወርድ ጠመዝማዛው ላይ፣ እንጨት ተሸካሚዎቹ ሴቶች ሸክማቸውን አዝለው በሚያልፉበት ቦታ፣ ጎማው ጧ! አለ። ሴቶቹ ሽፍታ የተኮሰ መስሏቸው እንጨታቸውን ጥለው ጫካ ገቡ። ሂርጳ ሞተሩን አቁሞ፣ አንድ በአንድ እየጠራ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሸክማቸውንም መልሶ አሸከማቸው። ከዚያ ወዲህ አባይነሽ የምትባል አንዷ፣ ባየችው ቁጥር ከመንገዱ ዳር ሆና፣ «ዛሬስ አይተኩስም?» ትለዋለች። እሱም፣ «ጥይት አልቆብኛል!» ይላታል። በዚያ መንገድ የሄደ ሁሉ ይህን ሰምቷል።

አሁን ስስቅ ቀላል ይመስላል። ግን ሰውዬው የመቀመጫውን ነገር ሲያነሣ የሚቀልድ አልነበረም፤ ያመው ነበር። ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት በመዳፉ የሚጫነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሠርግ ቤት ሄዶ ወንበር ሲቀያይር፣ ስብሰባ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ሲቆም አይታችሁ፣ «የሂርጳ ቅብጠት» ብላችኋል። ቅብጠት አልነበረም። ወገቡ ከሠራዊት ጀምሮ የተጎዳ ነው። ይህን ለማንም አልተናገረም።

ኀምሳ ሁለት ላይ፣ በነሐሴ ዝናብ ከደብረ ብርሃን ተመለሰ። ሞተሩ ጋራዡ ውስጥ ቆመ፤ ሂርጳ ግን አልወረደም። የሚቀልድ መስሎኝ፣ «ዛሬ ተመቸህ መሰል» አልኩት። ቀና ብዬ ሳየው ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። «ወንድይራድ፣ እግሬን ማንሣት አልቻልኩም» አለኝ። ከሞተሩ ላይ እንደ ሕፃን አቅፌ አወረድኩት።

ሐኪሙ መረመረውና፣ «ሞተር በቃህ። እንደዚህ ከቀጠልክ መራመድም ይቀርብሃል» አለው። አቶ ዓምደ ሚካኤል ከሥራ እንዳይወጣ ብለው በር ጠባቂ አደረጉት። ሌላ ሰው ቢሆን አያደርጉለትም ነበር። ግን ያን ሰሞን በር ላይ ቆሞ፣ ሌላ ሰው በሱ ሞተር ሲወጣ በሩን እየከፈተ ሲያሳልፍ ያየ ሰው ሆዱ አይችልም። ቀልዱ ሁሉ ጠፋ።

አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ፣ ቀበና አጠገብ ኮርቻ ወደሚሰፋው ወደ ሙክታር፣ መቀመጫው ቢለወጥ እንደገና ይነዳ ይሆናል ብዬ፣ ሞተሩን እየገፋሁ ይዤው ሄድኩ። ሙክታር እነሆ እዚያ ተቀምጧል። ሞተሩን የሚመለከት መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ሂርጳን ከላይ እስከ ታች አየና እንዲህ አለ፦ «የፈረስ ኮርቻ ስሰፋ እንዳይቆስል ፈረሱን ነው የምለካው። ይኼ ፈረስ ብረት ነው፤ አይቆስልም። የሚለካው ሰውዬው ነው።»

ከዚያ ሳንቃ ላይ እርጥብ ሸክላ አፈር ለጠፈና፣ «ቁጭ በል» አለው።

«ሱሪዬስ?»

«ሱሪህን ነው ወገብህን የምትፈልገው?»

ሂርጳ ቁጭ ብሎ ሲነሣ አፈሩ ላይ የቀረውን ቅርጽ ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየን። ክብደቱ ሁሉ ያረፈው በጀርባው አጥንት ጫፍ ላይ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ለስላሳ ነገር ስንፈልግ ኖረናል። ለስላሳው ሲሰምጥ ግን አጥንቱ ወርዶ ብረቱ ላይ ይቀመጣል። የሚያስፈልገው ጠንከር ያለ፣ ከኋላ ሰፋ፣ ከፊት ጠበብ ያለ፣ መካከሉ ላይ ለአጥንቱ ጎድጎድ ያለ ቦታ የተተወለት መቀመጫ ነበር።

ሙክታር የፈረስ ጭራ ጠቅጥቆ፣ ቆዳ ወጥሮ ሠራው። እኔም የእግር ማሳረፊያውን ወደ ኋላ ወሰድኩ፣ መሪውን ከፍ አደረግሁ። በአንዴ የተሳካ እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው ጭኑን ያዘው። ሁለተኛው ፍሬን ሲይዝ ወደ ቤንዚን ጋኑ ያንሸራትተዋል። እሑድ እሑድ ሂርጳ ሊሞክረው እስከ ራጉኤል ወጥቶ ይመለሳል፤ ሙክታር መርፌውን እንደያዘ በግቢያችን በር ላይ ይጠብቀዋል። «እዚህ ጋ ትንሽ ቀንስልኝ»፣ «እዚህ ጋ ጨምርልኝ»። ሙክታር ተሰላችቶ፣ «ለሙሽራ በቅሎ እንኳ እንዲህ አልለካሁም!» ይላል፤ ግን ይፈታል፣ መልሶ ይሰፋል።

አንድ እሑድ ሂርጳ ወጥቶ ቀረ። ቀትር ሆነ፣ የለም። ወይዘሮ ዲንቄ ነጠላቸውን አጥብቀው መጥተው ከኛ ጋር በሩ ላይ ቆሙ። ሁላችንም የምናስበው አንድ ነገር ነው፤ የሆነ ገደል አፍ ላይ መውረድ አቅቶት ተቀምጦ ይሆናል ብለን ፈራን። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የሞተሩን ድምፅ ሰማን። መጣ፣ ቆመ።

«የት ነበርክ?» አሉት ወይዘሮ ዲንቄ፣ ቁጣውና ዕንባው አንድ ላይ መጥቶባቸው።

«ረሳሁት» አለ።

«ምኑን ነው የረሳኸው?»

«መቀመጫውን። እንደ ተቀመጥኩ ረሳሁት። ትዝ ሲለኝ ሱሉልታን አልፌአለሁ።»

ሙክታር መርፌውን ኮቱ ላይ ሰክቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ብዙም አልቆየ፤ ከፍቼ ወዲያ ያበደ ውሻ ሰው ነክሷል፣ ከተነከሱት መካከል ሕፃናት አሉ የሚል ስልክ ተደወለ። መኪናችን መድኃኒቱን ይዛ ብትወጣ እንጦጦ ላይ ጭቃ ዋጣት፤ ጥቅሉ በሰው ተመልሶ መጣ፣ ሞተር ነጂዎቹም በየመንገዱ ናቸው። አቶ ዓምደ ሚካኤል ጥቅሉን በእጃቸው ይዘው ግቢው መሐል ቆመዋል። ሂርጳ ከበሩ መጣ።

«ጌታዬ፣ በሩን ሌላ ሰው ይያዝልኝ።»

«ሐኪሙ ከልክሎሃል እኮ!»

«ሐኪሙ የከለከለኝ በድሮው መቀመጫ ነው።»

ጌታዬ፣ ጥቅሉን ሰጡት። እሱም ሄደ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በዝናብ ተመለሰ። እኔ ላወርደው እጄን ዘርግቼ ሮጥኩ። እግሩን አሻግሮ፣ በራሱ ወርዶ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ፊቴ ቆመና፣ «ምነው? ልታቅፈኝ ናፈቅህ?» አለኝ። ቀልዱ ተመልሶ መጣ! ከተነከሱትም መድኃኒቱን ተወግቶ የሞተ የለም። ሐኪሙም እንደገና መርምሮት፣ ደስ ብሎት፣ እያረፈ እንዲነዳ ፈቀደለት። አቶ ዓምደ ሚካኤል የበሩን ቁልፍ ራሳቸው ተቀብለውታል።

ሂርጳ፣ አሁን ቀልዱን ልተው።

ሰው የራሱ ሕመም ሲለቀው ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። አንተ ዝም አላልክም። በሳምንቱ ሞተር ነጂዎቻችንን ሁሉ ሰብስበህ ሙክታር ቤት ወሰድካቸው፤ እያሳቅህ አንድ በአንድ ጭቃ ላይ አስቀመጥካቸው። «እኔ ወጣት ነኝ፣ ምንም አያመኝም» ያለህን ሀሚድን፣ «እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር፤ ቁጭ በል» ያልከውን አልረሳም። ዛሬ ሀሚድ ደሴ ድረስ ሄዶ ይመለሳል፤ እያፏጨ ይወርዳል። በዚህ ጋራዥ ከሞተር ላይ አቅፌ ያወረድኩት ሰው የመጀመሪያው አንተ ነህ። ከአንተ በኋላ ግን ማንንም አቅፌ አላወረድኩም። ለዚህ ነው የማመሰግንህ። እነዚህ እዚህ የተቀመጡት ልጆች በአንተ ምክንያት ወገባቸው ቀጥ ብሎ ያረጃሉ።

ወይዘሮ ዲንቄ፣ ለእርስዎም ምስጋናችን የበዛ ነው። በር በሩን እያዩ የዋሉባቸውን ቀኖች እኛ አልቆጠርናቸውም፤ እርስዎ ያውቋቸዋል።

ባለፈው ሰሞን ጡረታ ስትወጣ ምን ልታደርግ እንዳሰብክ ጠይቄህ ነበር። «ያን ሁሉ ጊዜ እንጦጦን ስወጣ አንድ ቀን እንኳ ዞሬ ከተማውን አላየሁም፤ ዓይኔ ከመንገዱ ላይ አይነሣም ነበር» አልከኝ። እንግዲህ ከወይዘሮ ዲንቄ ጋር ቀስ እያላችሁ በእግር ውጡ። ከባሕር ዛፎቹ ሥር ድንጋይ ላይ ቁጭ በሉና የካን፣ ቀበናን፣ ከተማውን ሁሉ እዩት። ድንጋዩ ቢቆረቁርህም ግድ የለም፤ ከእንግዲህ ስትፈልግ ተነሥተህ ስትፈልግ ትቀመጣለህ።

በሉ ጠጅ የያዛችሁም፣ ብርዝ የያዛችሁም ተነሡ! ዕድሜና ጤና ይስጥህ። የልጅ ልጆችህን ጉልበትህ ላይ አስቀምጠህ የምታጫውት ያድርግህ። አንተ ተቀመጥ፤ ዛሬ ስለ አንተ የምንቆመው እኛ ነን። ለሂርጳ!