ሰው የለም ያሉት ሽማግሌ

ኦቦ ባጫ ዋቆ ከአስኮ ወደ ቡራዩ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ የገቡት ተበሳጭተው ነው። ረዳቱ ሽምግልናቸውን አይቶ ጋቢና ሊያስቀምጣቸው ቢሞክር፣ «ተወኝ ልጄ፣ እዚሁ ይሻለኛል» ብለው ከኋላ ወንበር ላይ ዘጭ አሉ። ያበሳጫቸው ታክሲው አልነበረም። ከቤተ ክርስቲያናቸው ዋና ጽሕፈት ቤት መውጣታቸው ነው፤ እዚያም ቁርጡን ነግረዋቸዋል። በሦስት ወር ውስጥ ቢያንስ ሦስት አዳዲስ ሽማግሌዎች አስመርጠው ካላቀረቡ፣ እሳቸው ሃያ አራት ዓመት የመሩት የገፈርሳ አጥቢያ በሰበታው አጥቢያ ሥር ይጠቃለላል።

እንዴት አይበሳጩ! ያቺ ቤተ ክርስቲያን የቆመችው ከአባታቸው በወረሱት የጤፍ ማሳ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ራሳቸው ጣሪያ ላይ ወጥተው መትተውታል። አብረዋቸው ከጀመሩት ሦስት ሽማግሌዎች ሁለቱ አርፈዋል፤ ሦስተኛው ልጆቹ ወዳሉበት አዳማ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ የአዳራሹ ቁልፍ፣ የድምፅ ማጉያው ቁልፍ፣ የማኅተሙ መሳቢያ ቁልፍ፣ ሁሉም የሚንቃጨለው በሳቸው ኪስ ውስጥ ነው። ይህን ሰው ማማት ለሚፈልግ ቀላል ነው። ነገር ግን በሰባ አንድ ዓመቱ፣ በሚያመው ጉልበቱ፣ እሑድ በጠዋት ተነሥቶ ወንበር የሚደረድር ሰው ስንት አለ? ኦቦ ባጫ ያደርጉታል።

«አካም ጅርቱ፣ እንዴት ነዎት ኦቦ ባጫ?» አለቻቸው አጠገባቸው የተቀመጠች ወጣት።

ዞር ብለው አዩዋት። የሆስፒታል መታወቂያ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። አላወቋትም።

«ነጋ፣ ነጋ፣ ደህና ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

«ያኔት እባላለሁ። የማመልከው እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ነው።»

«እንዲያ ነው? እንኳን ደህና መጣሽ! ካለፈው እሑድ ጀምሮ ነው?»

«ስምንት ወር ሆነኝ፣ አባባ።»

ኦቦ ባጫ ደነገጡ። ያኔት ጉለሌ ተወልዳ ያደገች፣ የቤት ኪራይ ሲንርባት እንደ ብዙው አዲስ አበቤ ወደ ቡራዩ የወጣች ነርስ ናት። ሥራዋ አዳዲስ ነርሶችን ማለማመድ ነው። መንገዱ ተዘጋግቶ ነበርና ሚኒባሱ ቆመ፤ ሽማግሌውም ነገሩን ሊተዉት አልፈለጉም።

«ስምንት ወር ሙሉ! ታዲያ እንግዶች ተነሥታችሁ ራሳችሁን አስተዋውቁ ስል ለምን አልተነሣሽም?»

«ተነሥቻለሁ እንጂ። ስሜንና የመጣሁበትን ተናገርኩ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ግን የት ትኖሪያለሽ ያለኝ ሰው የለም። አብራኝ የመጣችው ጎረቤቴ ሶፊ ደግሞ በሰው ፊት መናገር ትፈራለች። አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች፤ በሚቀጥለው እሑድ ብጎተጉታት አሻፈረኝ አለች።»

«እንግዳን በክብር ማስነሣት ነውር ሆነ ማለት ነው?»

«ኧረ ነውር አይደለም፣ አባባ። ችግሩ ክብሩ ጭብጨባው ሲያልቅ አብሮ ማለቁ ነው። እርስዎ ቤት እንግዳ ሲመጣ አጨብጭበው ዝም ይላሉ? ቤት ያፈራውን ያቀርባሉ፣ ልጆቹን ይጠይቃሉ፣ እስከ በር ይሸኛሉ። አንድ ሰው አጠገባችን ቢቀመጥ፣ ሲያልቅ እስከ ታክሲው ቢሸኘን፣ በሳምንቱ መሐል ቢደውልልን ይበቃን ነበር።»

ኦቦ ባጫ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልጅቷ ረጋ ብላ ስለምትናገር ሊቆጧት አልመቻቸውም። «ለመሆኑ መሸኛ አምጥተሻል?» አሉ።

መሸኛ ማለት ምእመን ከቀድሞ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያመጣው ደብዳቤ ነው። በኦቦ ባጫ ሥርዓት ያለዚያ ደብዳቤ ስም መዝገብ ላይ አይሰፍርም፣ አገልግሎት የሚባል ነገርም አይታሰብም።

«አላመጣሁም። የነበርኩበት ቤተ ክርስቲያን መሪዎቹ ተጣልተው ለሁለት ተከፈለ። የቱ ወገን ይጻፍልኝ?»

«አየሽ! እኔ ደግሞ የምልሽን ስሚኝ። ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት አንድ አንደበተ ጣፋጭ ሰባኪ ያለ መሸኛ ተቀበልን። በዓመቱ ግማሹን ምእመን ይዞት ሄደ። ወንድም ከወንድሙ ተለያየ፣ እኔም የገዛ እኅቴ አኩርፋኝ ሁለት ዓመት ቤቴ አልረገጠችም። መሸኛ የምለው ወረቀት ስለምወድ መሰለሽ?»

«እውነትዎን ነው፤ ይሄ ከባድ ነው» አለች ያኔት ከልቧ። «እኛም ያለ ማስረጃ ነርስ አንቀጥርም። ግን ማስረጃዋ እስኪጣራ ስምንት ወር ኮሪደር ላይ አናስቀምጣትም። ወደነበረችበት እንደውላለን፣ ቁጭ ብለን እናነጋግራታለን፣ አብረናት እየዋልን ጠባይዋን እናያለን። መጠንቀቅ ደግ ነው፣ አባባ። እርስዎ ግን እየተጠነቀቁ ሳይሆን ደብዳቤ እየጠበቁ ነው።»

አነጋገሯ ቆንጠጥ አደረጋቸው። ቢሆንም ከምቀኝነት የመጣ አለመሆኑን ያውቁ ነበርና ሆዳቸው ውስጥ የዋለውን አወጡት።

«ይኸውልሽ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ዛሬ የሰማሁትን ብታውቂ ታዝኚልኝ ነበር። ሽማግሌ አምጣ አሉኝ። ከየት ላምጣ? ሰው የለም!»

«ሦስት መቶ ወንበር ሞልቶ?»

«ወንበሩስ ሞልቷል። ኃላፊነት የሚሸከም ሰው ነው የጠፋው።»

«ኤልቃናን ያውቁታል?»

«የትኛው ኤልቃና?»

«ከኋላ፣ በሩ አጠገብ የሚቀመጠው ጠይም ረጅም ሰው። ሱሉልታ ዐሥር ዓመት ሽማግሌ ሆኖ አገልግሏል። እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። መሸኛውንም ይዞ መጥቶ ነበር፤ ቢሮው ተቆልፎ፣ ቁልፉ እርስዎ ጋ ሆኖ፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ሰለቸው።»

 የኦቦ ባጫ እጅ ሳያስቡት ወደ ኪሳቸው ሄደ። ሽማግሌ ናቸውና ግን በቀላሉ እጅ አልሰጡም።

«እሺ፣ አለ እንበል። ዛሬ አምጥቼ ማኅተም ላስጨብጠው? ሥራውን ሳያውቅ ቢያበላሸውስ?»

«ለአዲስ ነርስ እኔ የማደርገውን ልንገርዎት። መጀመሪያ እኔ ስሠራ ታያለች። ቀጥሎ አብረን እንሠራለን። ከዚያ እሷ ትሠራለች፣ እኔ ከኋላዋ እቆማለሁ። ብቃቷን ሳይ ሥራውን ለሷ ትቼ ሻይ ልጠጣ እሄዳለሁ። እውነቱን ለመናገር ሻዩ አይጥመኝም፣ ልቤ እዚያው ነው። ግን እሄዳለሁ።»

«የናንተ የመርፌ ጉዳይ ነው። የኛ የነፍስ ጉዳይ ነው!»

«የኛስ የነፍስ አይደለም እንዴ፣ አባባ?» ብላ ሳቀች። ኦቦ ባጫም ሳይወዱ በግድ ፈገግ አሉ።

«ወራጅ አለ!» አሉና ወረዱ፤ እሷም ተከትላ ወረደች። ሊለያዩ ሲሉ ያኔት ቆም አለች። ስትፈራ ስትቸር ያቆየችው ነገር እንዳለ ፊቷ ያስታውቅ ነበር።

«አባባ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልጨምር። አሰጋሽ የምትባለውን ሴት ያውቋታል? ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው ቤቷ። ዓመት ተኩል እኛ ጋ አምልካለች። ባለፈው ወር እናቷ አረፉ።»

«ውይ! ማን ነገረን?»

«ማንም አልነገራችሁም። ስሟ መዝገብ ላይ የለም። ድንኳኑን የተከለው ጎረቤቷ ሐሰን ነው፤ ሚስቱ ፈቲያ ሦስት ቀን ለለቀስተኛው ምግብ ስታቀርብ ሰነበተች። መቃብሩ ላይ የጸለየ አገልጋይ አልነበረም። ከመዝሙረ ዳዊት ያነበብኩት እኔ ነኝ።»

እስካሁን የተባለውን ሁሉ ኦቦ ባጫ በክርክር መልሰውታል። ይህ ግን የለቅሶ ነገር ነው። ለቅሶ ሳይደርስ የቀረ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሚባል ያውቃሉ። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ክረምት በጋ ሳይሉ፣ በጭቃ እየተንሸራተቱ ለቅሶ ደርሰዋል፤ እንኳን የቤታቸውን ሰው፣ የሩቁንም ቀብረዋል።

«ቤቷን አሳዪኝ» አሉ።

«አሁን?»

«አሁን ነዋ! ከዚህ በላይ ልዘግይ?»

አሰጋሽ በሩን ከፍታ ሽማግሌውን ስታይ ክው አለች። ጥቁር እንደለበሰች ናት። ፈቲያም እዚያው ነበረች፤ እንግዳ መምጣቱን አይታ ልትወጣ ነጠላዋን ስታነሣ ኦቦ ባጫ ከለከሏት።

«ተቀመጪ፣ የኔ ልጅ። የኔን ሥራ የሠራሽው አንቺና ባለቤትሽ ናችሁ። ጋላቶማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለሐሰንም ራሴ መጥቼ አመሰግነዋለሁ።» ከዚያ ወደ አሰጋሽ ዞሩ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ። ምነው ልጄ፣ ምነው ሰው ሳትልኪብኝ?»

አሰጋሽ መሬት መሬቱን እያየች መለሰች። «መሸኛ የለኝማ፣ አባባ። መሸኛ የሌለው ሰው ቅበሩልኝ ማለት የሚችል አልመሰለኝም።»

ኦቦ ባጫ የቀረበላቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቤተ ክርስቲያኑን ከተኩላ ለመጠበቅ ያወጡት ሥርዓት እናቷ የሞተባትን ሴት አፏን አስይዞ በር ላይ አስቀርቷታል። እንባቸው መጣ፤ አልደበቁትም። «አጥፍቻለሁ» አሉ። «ይቅር በይኝ። በእናትሽ መቃብር ላይ መጸለይ የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ላንቺ ግን ዛሬም እንድጸልይ ከፈቀድሽልኝ...» አሰጋሽ በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች። ቆመው ጸለዩ፤ ፈቲያም በአክብሮት አቀርቅራ ቆየች።

እልኸኛ ሰው ልቡ ሲመለስ እንደ ኦቦ ባጫ ይመለስ ያሰኛል! በሚቀጥለው እሑድ እንግዶች ተነሡ አላሉም። ከዚያ ይልቅ ምእመኑን፣ «ዛሬ የማታውቁትን አንድ ሰው ስሙንና ሰፈሩን ሳትጠይቁ ወደ ቤታችሁ እንዳትሄዱ» አሉ። አዳራሹ እንደ ገበያ ተንጫጫ። ኤልቃናን ራሳቸው ፈልገው ይቅርታ ጠየቁትና መሸኛውን ተቀበሉ። የአዳራሹን ቁልፍ አስቀርጸው ለሦስት ሰው ሰጡ። መሸኛ ለሌለው መጤ ወደ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያኑ ራሳቸው ደውለው ይጠይቃሉ፤ መልስ ሲጠፋ ሁለት ሰው ቤቱ እየሄደ ሦስት ወር ይተዋወቀዋል፣ ከዚያም ስሙ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ለቅሶ ግን ከመዝገቡ ጋር እንዳይገናኝ አዘዙ። የመጣ ሁሉ የኛ ነው አሉ።

የጥቅሙ ብዛት! አሰጋሽ ሕመምተኛ፣ ሐዘንተኛና አራስ የሚጠይቅ ቡድን አቋቁማ፣ በሰፈሩ የታመመ ሰው ሳይጠየቅ የሚውልበት ቀን ጠፋ። ሶፊ ተመልሳ መጣች፤ የሚያስነሣት እንደሌለ ስታይ ፍርሃቷ ለቀቃትና መዘምራን ውስጥ ገባች። ብረታ ብረት ቤት ያለው ቢንያምና የነባር ገበሬ ልጅ የሆነችው መምህርት ኡርጂ ከኤልቃና ጋር ከኦቦ ባጫ ሥር ተለማመዱ፦ መጀመሪያ እያዩ፣ ቀጥሎ አብረው እየሠሩ። ባለጉዳይ ሲታረቅ፣ ሙሽሮች ሲመከሩ፣ ቃለ ጉባኤ ሲያዝ ነበሩ። አንድ ቀን ቢንያም ሁለት የተጣሉ ጎረቤታሞችን ሲሸመግል ነገር አበላሸ፤ ኦቦ ባጫ ሊቆጡ ሲሉ የራሳቸው የወጣትነት ስሕተት ትዝ አላቸውና አብረውት ሄደው አስተካከሉት። ነባሩ መጤውን ስለማያውቀው ይፈራው ነበር፣ መጤውም ነባሩን፤ አሁን አንዱ በኦሮምኛ ሲጸልይ ሌላው በአማርኛ አሜን ይላል።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ የዋናው ጽሕፈት ቤት ተወካዮች መጡ። ምእመኑ የመረጣቸውን ሦስት ዕጩዎች ለብቻ ጠየቁ፣ ምእመኑን ጠየቁ፣ እዚያው አጸደቋቸው። የገፈርሳ አጥቢያ ራሱን ችሎ ቀጠለ።

በሳምንቱ አዲሱ የሽማግሌዎች ጉባኤ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ኤልቃና ነበር። የእሑድ አምልኮ ከሦስት ሰዓት ወደ አራት ሰዓት ይዛወር፣ ሳምንቱን ሙሉ በሌሊት ተነሥቶ ከተማ ለሥራ የሚመላለሰው ሰው ትንሽ ይረፍ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ኦቦ ባጫ ሽንጣቸውን ገትረው ተቃወሙ። ሃያ አራት ዓመት ሦስት ሰዓት ነው አሉ፤ አራት ሰዓት ስንፍና ነው አሉ። ሦስቱም በአክብሮት ሰሟቸው፣ በአክብሮትም መለሱላቸው። ከዚያ እጅ ወጣ፤ ሦስት ለአንድ።

ኦቦ ባጫ ጀምበር ሳትጠልቅ ቤታቸው ደረሱ። ባለቤታቸው አዴ ደራርቱ ደጃፍ ላይ ጎመን ትቀነጥስ ነበር።

«ዛሬ በድምፅ ተሸነፍኩ» አሏት።

አዴ ደራርቱ ሥራዋን አቁማ ቀና አለች። አርባ ስድስት ዓመት አብራቸው ኖራለች፤ ሲሸነፉ ምን እንደሚሆኑ ታውቃለች። ሦስት ቀን ኩርፊያ፣ ሁለት ቀን እህል አልፈልግም። «አንተን? ማን ደፍሮ?»

«ልጆቹ። ሦስቱም ባንድ ላይ። እጃቸውን ሲያወጡ ብታዪአቸው! አንዳቸው እንኳ ፊቴን ሰረቅ አድርጎ አላየም።» አጠገቧ ተቀመጡና የሚያማቸውን ጉልበት ዘረጉ። ከዚያ፣ አዴ ደራርቱ እስክትደነግጥ ድረስ፣ ትከሻቸው እስኪርገፈገፍ ሳቁ። «እኔ ብሞት ያቺ ቤት አትዘጋም፣ ደራርቱ። ዛሬ አየሁት። በይ ራቴን አቅርቢልኝ፣ ርቦኛል።»