የበቀቀኑ አረንጓዴ

ሰው የሚፈልገውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ ያጣዋል፤ ያላሰበውን ደግሞ መንገድ ላይ ያገኘዋል። ጋሽ ሚዛንም የእህታቸውን ልጅ ያገኟት እንዲሁ ሳያስቡት፣ መነጽር ቤት ውስጥ ነው። እሷ የተሰበረውን የመነጽሯን እግር ልታስጠግን ገብታለች፤ እሳቸው ከምርመራው ክፍል አንገታቸውን ደፍተው ይወጣሉ።

ጋሽ ሚዛን በአንድ ማተሚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ቀለም የቀላቀሉ ሰው ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ቀለም ሲያዋህዱ ዓይናቸው እንደ ወርቅ ሚዛን ነው፣ አይሳሳትም ብለው። የእህታቸው ልጅ ደግሞ ከትንሽነቷ ጀምሮ ከመጽሐፍ ቀና ስለማትል ቤተሰቡ ሁሉ «ቀለሜ» ይላታል። ኮምፒውተር ተምራ፣ ሥራ ከያዘች ገና ዓመት አልሞላትም።

«ጋሼ፣ በሥራ ሰዓት እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ዓይኔን ልታይ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ምን አሉዎት?»

«ደህና ነው አሉኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል እስከ ታች ወረድኩላቸው። ግን ፊደል ማንበብና ቀለም መለየት አንድ ነው እንዴ? ምን ያውቃሉ እነሱ።»

ቀለሜ በእጃቸው የያዙትን ፌስታል አየች። ውስጡ የሥራ ሽርጣቸው አለ።

«ሽርጥዎን ወዴት ይዘውት ነው?»

«ሊታጠብ ነው» አሉ።

ሽርጡ ግን ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በአራት ታጥፏል። ውሸት ያልለመደ ሰው ሲዋሽ እንዲህ ነው፤ ወዲያው ይያዛል። ልጅቱ አጠገባቸው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት መጣች» አሉ ቀስ ብለው። «ለልጆቿ የፊደል መጽሐፍ ሽፋን የሚሆን አንድ በቀቀን ስልኳ ላይ አሳየችኝ። አረንጓዴው የሚያበራ፣ ሊበር የደረሰ። 'ይህንኑ አረንጓዴ ነው የምፈልገው' አለች። እኔም 'ይሄማ ቀላል ነው' አልኳት። አትሜ ከስልኩ አጠገብ ሳስጠጋው የደረቀ ቅጠል መሰለ። ሰማያዊ ጨመርኩ፣ ጠቆረ። ቢጫ ጨመርኩ፣ ገረጣ። ሦስት ቀን፣ ሦስት ጊዜ። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ 'ምንም አይደል ጋሼ' አለችኝ። እሱ ነው የገደለኝ።»

«እና?»

«እናማ ዓይኔ ከድቶኛል። ነገ የቀለም ቤቱን ቁልፍ አስረክቤ እቤቴ እቀመጣለሁ።»

«ነገ ሩቅ ነው ጋሼ። አሁን ማተሚያ ቤቱ እንሂድና ኮምፒውተሬ ላይ አንድ ነገር ላሳይዎት።»

«ከማሽን ልታስታርቂኝ ነው? ተይ ልጄ። ቀለም በዓይን ነው። ቀለም በቁጥር የሚለይ ከሆነ ጨውም በጆሮ ይቀመስ።»

«ካላሳመንኩዎት ሽርጡን ራሴ አጥቤ አስቀምጥልዎታለሁ።»

«ታጥቧል» አሉ ጋሽ ሚዛን ሳያስቡት። ሁለቱም ሳቁ።

እዚህ ላይ በሽማግሌው አትፍረዱባቸው። ዕድሜውን ሙሉ በዓይኑ እንጀራ የበላ ሰው፣ ያ ዓይን የተጠረጠረ ዕለት ከመሬት በታች ይገባል። አዲስ ነገር ሲያዩ የሚቆጡት ጠልተውት ብቻ አይደለም፤ «እስካሁን ያወቅኸው ሁሉ ከንቱ ነው» የሚላቸው ስለሚመስላቸው ነው። ይህን የሚያውቅ ወጣት ቀስ ብሎ ይናገራል። ቀለሜም ቀስ ብላ ነበር።

ሲደርሱ የምሳ ሰዓት ነበርና ማተሚያው ቆሟል። የቀለም ቤቱ ጠባብ ነው፤ መደርደሪያው ላይ የቀለም ቆርቆሮዎች እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል፣ በያንዳንዱ ክዳን ላይ የጋሽ ሚዛን የአውራ ጣት አሻራ አለ። ቀለሜ ላፕቶፗን ከቦርሳዋ አውጥታ ልታስቀምጥ ስትል «ቆይ» ብለው ጠረጴዛው ላይ ንጹህ ወረቀት አነጠፉላት። እንግዳ፣ ማሽን ቢሆንም፣ እንግዳ ነው።

ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስኮት ተከፈተ። ነጭ ጽሑፍ ብቻ።

«ምነው ሥዕል የለውም? ተበላሽቷል?»

«በጽሑፍ የሚታዘዝ ነው ጋሼ። የሚፈልጉትን በአንድ መስመር ይጽፉለታል፣ ይሠራል። የዛሬ ዓመት ያንኑ መስመር ቢጽፉለት ያንኑ ይሠራል። አይረሳም፣ አይሰለችም።»

«አያኮርፍም?»

«አያኮርፍም። ግን አንዲት ፊደል ከሳቱ እሺ አይልም።»

«አሃ፣ እንደኔ ነዋ።»

ከማተሚያው ጋር የመጣውን፣ የሚደርስባቸውን ቀለሞች የሚገልጸውን ፋይልና መምህርቷ የላከችውን የበቀቀን ሥዕል ከቢሮው ኮምፒውተር ገለበጠች። ከዚያ አንድ መስመር ጻፈች፤ የቀለሞችን ካርታ እንዲሥል፣ በላዩ ላይ የስልኩን ድንበርና የማተሚያውን ድንበር እንዲያሰምር፣ የበቀቀኑንም አረንጓዴ በነጥብ እንዲያመለክት። የኢንተር ቁልፉን ተጫነች። ሥዕሉ ወጣ።

ጋሽ ሚዛን መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አዩት። «ይሄ የጫማ ሶል ነው።»

«የጫማ ሶልም ቢሆን ዓይን የሚያየው ቀለም ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው። ዳር ዳሩን ቀስተ ደመና ላይ ያሉት ንጹሖቹ ናቸው። ከታች ያለው ቀጥ ያለው መስመር ሐምራዊዎቹ። ወደ መሀል በገቡ ቁጥር እየለዘቡ ሄደው ነጭ ላይ ይገናኛሉ። አሁን ይህን ሦስት ማዕዘን ይዩ፤ የስልኩ ስክሪን ማሳየት የሚችለው እስከዚህ ነው። ይህ በውስጡ ያለው ጎባጣው አጥር ደግሞ የእርስዎ ማተሚያ በአራቱ ቀለሞቹ፣ በሰማያዊ፣ በደማቅ ሮዝ፣ በቢጫና በጥቁር፣ የሚደርስበት ነው።»

«ያቺ ጥቁር ነጥብስ?»

«በቀቀኑ።»

ነጥቧ ከሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ናት። ከጎባጣው አጥር ግን ውጭ ናት፣ በጣም ውጭ።

ጋሽ ሚዛን ጎንበስ ብለው ቆዩ። ጣታቸውን ከአጥሩ ጫፍ አንስተው እስከ ነጥቧ ድረስ በአየር ላይ ጎተቱት።

«ስልኩ መብራት ነው ጋሼ» አለች ቀለሜ። «ቀለሙን ራሱ ያበራል። ወረቀት ግን መብራት ተበድሮ ነው የሚታየው፤ ቀለሙም ከብርሃኑ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። በአራቱ ቀለም ያንን አረንጓዴ ያተመ ሰው የለም። የሃያ ዓመት ጎረምሳም ቢሆን አያትመውም።»

«ዓይኔ አይደለማ።»

«ዓይንዎማ ቀለሙ እንዳልገጠመ አይቶ ነግሮዎታል። እርስዎ ነዎት ያላመኑት።»

ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ፌስታሉን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ «ሦስት ቀን ሙሉ» አሉ፤ «ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም።» ልጅቱ ወደሳቸው ሳታይ ስክሪኑን ጠረገች።

ተሸነፉ ብላችሁ እንዳታስቡ። ጋሽ ሚዛን እንደገና ተነስተው ሥዕሉን ከላይ እስከ ታች መረመሩና «ቡኒ የት አለ?» አሉ።

«ምን?»

«ቡኒ። የእንጨት፣ የቆዳ፣ የአፈር። ዕድሜዬን ሙሉ ስቀላቅለው ኖሬያለሁ። ሁሉም ቀለም አለ ብለሽኛል፣ ቡኒ ግን የለም።»

ቀለሜ ካርታውን እንደገና አየችው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ትምህርት ቤትም የጠየቃት የለም። «እውነትዎን ነው» አለች። «ካርታው የቀለሙን ዓይነትና ንጽሕና ያሳያል እንጂ ብርሃንና ጨለማውን አያሳይም። ቡኒ የጨለመ ብርቱካናማ ነው፤ እዚህ ከብርቱካናማው ጋር አንድ ቦታ ተደራርቦ ተቀምጧል።»

«ስለዚህ ማሽንሽ የማያየው እኔ የማየው አለ።»

«አለ። ስለዚህ ነው ቁልፉን የማያስረክቡት።»

ጋሽ ሚዛን ፈገግ አሉ። ቀጥሎም ያልታሰበ ነገር አደረጉ፤ መሰላሉን አቁመው ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የለበሰች ቆርቆሮ አወረዱ። «ይሄ ከቢጫና ከሰማያዊ የተሠራ አይደለም፤ ራሱን የቻለ፣ ፋብሪካ የሠራው አረንጓዴ ነው። አጥርሽ በአራቱ ነው የታጠረው። አምስተኛ ብንጨምርስ?»

አሁን የመማር ተራው የልጅቱ ሆነ። ይህን አላሰበችም።

ቀለሙን በቢላዋ ወረቀት ላይ ስስ አድርገው ሳቡት። ለመለካት ግን መሣሪያ ያስፈልጋል። ለካስ ከማተሚያው ጋር የመጣ የቀለም መለኪያ አለ፤ ጋሽ ሚዛን ለሰባት ዓመት መነጽራቸውን በላዩ ሲያስቀምጡበት የኖሩት ካርቶን ውስጥ፣ ማሸጊያው ሳይፈታ። ፈቱት። ሲደርቅ ለኩት፣ ያችኑ መስመር እንደገና አዘዟት። አዲሷ ነጥብ ከአጥሩ ወጥታ ወደ በቀቀኑ ተጠጋች። አልደረሰችም፣ ተጠጋች እንጂ።

ከሰዓት በኋላ መምህርቷ ተጠርታ መጣች። ጋሽ ሚዛን አልተሽቆጠቆጡም። ካርታውን በጣታቸው እያሳዩ «እሜቴ፣ ያንቺ በቀቀን እዚህ ነው። እኛ እስከዚህ እናደርስሻለን። ከዚህ በላይ ወረቀት አይችልም፤ እችላለሁ ያለሽ ካለ ዋሽቶሻል» አሏት። ናሙናውን መስኮቱ ጋ ወስዳ አየችው፤ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ልጆቹ የሚይዙት መጽሐፉን ነው፣ ስልኬን አይደለም። በጣም ቆንጆ ነው ጋሼ።» በዚህኛው ጊዜ «ምንም አይደል» አላለችም።

ስትወጣ ሽማግሌው ሽርጡን ከፌስታሉ አውጥተው አጠለቁ። «ጋን በጠጠር ይደገፋል ማለት ይሄ ነው» አሏት። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ከወረቀት ጋር ብዙ ስለኖርኩ ነው፤ ይቅር በይኝ። በይ ያቺን መስመር በትልልቁ ጻፊልኝ።» ጻፈችላቸው። በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል ለቀሙት። ሁለት ጊዜ እሺ አላላቸውም፤ በሦስተኛው ካርታው ወጣ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ሥራ ሲመጣ ቀለም ከመነካቱ በፊት ካርታው ይወጣል። የማይደረስበት ቀለም አስቀድሞ ይነገራል፤ ወረቀት በከንቱ አይጣልም፣ ደንበኛ ተስፋ ተሰጥቶት አይቀየምም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን፣ ደህና ዓይን ያለው ሰው ባላጠፋው ጥፋት ሽርጡን አጥፎ አይወጣም። መለኪያ የአዋቂ ጠላት አይደለም ልጆቼ፤ አንዳንዴ ምስክሩ ነው።

ካርታው ዛሬ የቀለም ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ከብርቱካናማው አጠገብ፣ በእርሳስ፣ በጋሽ ሚዛን እጅ እንዲህ የሚል ተጽፎበታል፦ «ቡኒ ሲያስፈልግ እኔን ጠይቁ።»