የእሑዱ ግጥሚያና የገና ወግ

በጣሊያን ጊዜ ነው። ከደምበጫ ወደ ቡሬ በሚሄድ ካሚዮን ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬና አንድ የጨው ነጋዴ እህል ጆንያ ላይ ከፊቴ ተቀምጠው ይከራከራሉ። እሑድ የቡሬ ልጆች ከጣሊያኖቹ ካምፕ ቡድን ጋር ኳስ ሊጫወቱ ነው።

«ትልቁ ቡድን የካምፑ ነው፣ አያ አለልኝ» አለ ነጋዴው። «ጫማ አላቸው፤ የቆዳ ኳስ አላቸው።»

«ጫማ ከሆነማ የካምፑ በቅሎም አላት።»

«ታዲያ በእርስዎ ቤት ትልቁ የትኛው ነው?»

«እንደ ገና ጨዋታ ነዋ! አሸናፊው የተሸናፊውን ጌታ በግጥም ይሰድባል። ይህን የሚደፍር ቡድን ትልቅ ነው።»

«የካምፑ ጌታ ሻለቃው አይደል? እሱ የገናን ወግ የት ያውቅና! ልጆቹን ያስራቸዋል እኮ!»

«እኔንም የጨነቀኝ እሱ ነው። ግጥም አውራጁ የኔ ልጅ ነው።»

«እንግዲያ ‹ተው፣ ተሸነፍ› ብለው ይምከሩታ።»

«ሰው ልኬበት ነበር።»

«ምን አለ?»

«‹ግጥሙ ጎድሎብኛል፤ አንድ ስንኝ ይጨምሩልኝ› ብሎ መለሰልኝ።»

«ታዲያ አሁን ወዴት ነዎት?»

«ስንኙን ላደርስለት ነዋ!»

እኔ ሳቄ እንዳይታይብኝ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብ አድርጌ ፊቴን ወደ ጤፉ ማሳ አዞርኩ።