ቻርጀር ያለው አርሂባ ይምጣ

ሰብልዬ፣ ወደ ጥላው ጠጋ በይ እንጂ! የዛሬው ሙቀት እኮ የድሮው ባቡር ጣቢያ ሐዲድ ላይ እንቁላል ይጠብሳል። ኧረ እንቁላሉስ ይቅር፣ ዶሮዋንም ከነላባዋ ይጠብሳታል። ሻይ ልዘዝልሽ ወይስ ቀዝቃዛ ውሃ? … ከኋላችን የተቀመጡት ሰውዬም ውሃ ነው ያዘዙት። አይዞሽ፣ እሳቸው አይሰሙንም። ትልቅ ሰው የትንሽ ሰው ወሬ መች ይሰማል?

ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ… መጽሐፍ። እኔ እንኳ ፊደል አልቆጠርኩም። ግን ያንቺን ታሪክ ሾፌሩ ጌቾ ጮክ ብሎ ሲያነብልን፣ ወደብ ተራ የሚጠብቀው ሾፌር ሁሉ የመኪናው ጎማ ሥር ተኮልኩሎ ያዳምጥ ነበር። የአንዱን ፊልም ካፒቴን ከሌላው ፊልም ሮቦት ጋር አፋቅረሽ አረፍሽ! በስልክሽ፣ በቴሌግራም፣ በነጻ። ገና ከመጀመሪያው "ፊልሞቹ የሰው ናቸው፤ እኔ ያጋባኋቸው ብቻ ነኝ" ብለሽ ጽፈሽ የለ? ሾፌሮቹ "መንኮራኩሯ ጉምሩክ ሳትሰለፍማ አታልፍም!" ብለው ሲያስቸግሩሽ፣ ጨረቃ ላይ ጉምሩክ ከፈትሽላቸው። ጌቾ እዚያ ክፍል ላይ ያፈሰሰው እንባ ራዲያተር ይሞላ ነበር።

ከዚያ ዙሌይካ ታሪክሽን ካርቲየ 6 ሰፈር ባለው ፎቶኮፒ ቤቷ አባዝታ በስቴፕለር መታቻት፤ ሾፌሮቹም አዲስ አበባ ይዘዋት ወጡ። ታሪክሽ በነጠላ ጫማ ሄዳ ኮት ለብሳ ተመለሰች አይደል? የሚያብረቀርቅ የመጽሐፍ ሽፋን፣ ከጀርባው ደግሞ አገጫቸውን በእጃቸው የደገፉ ደራሲ… ስማቸውን አልጠራም። በወርቅ ቀለም የተጻፈን ስም በእኔ አፍ ምን አቆሸሸው? "መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው" ብለዋል ደግሞ። ጠንቃቃ ናቸው። በዚህ ዘመን ሌባው መች ይታወቃል?

ታማኝነታቸውን ግን አለማድነቅ ግፍ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ቃል ይቀይር ነበር። እሳቸው? አንዲት ነጥብ አልነኩም! ካፒቴኗ የሮቦቱን እጅ ይዛ "ያለ አንተ ወደ ምድር አልመለስም" ካለች በኋላ፣ እዚያው መጽሐፉ ላይ ምን ይላል መሰለሽ? "ልጆች፣ ባትሪዬ ሊያልቅ ነው። ቻርጀር ያለው አርሂባ ይምጣ።" ያን ማታ በቴሌግራም ለእኛ የላክሽው መልእክት እንዳለ ታትሟል! በመጽሐፉ ምረቃ ቀን ራህመት የምትባል ተማሪ ብድግ ብላ "ጋሼ፣ አርሂባ የትኛዋ ፕላኔት ናት?" ብትላቸው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው "እሱን ለአንባቢ ትቼዋለሁ" አሉ። ይሄ ነው ጥልቀት! እኛ እዚያ ሰፈር ይሄን ሁሉ ዘመን ስንኖር፣ ጠፈር ላይ መሆናችንን ማን ነገረን?

ውለታ ቢስም አይደሉም። ምስጋናው ላይ "ጽሑፉን በመተየብ ለተባበረችኝ እህቴ" ብለውሻል። ስምሽን የተዉት አድናቂ እንዳያስቸግርሽ አስበው ይሆናል… አሳቢ!

አንቺም ከዚያ ወዲህ መጨረሻውን ስልክሽ ውስጥ ይዘሽ ዝም አልሽ። እሳቸው ደግሞ "ቅጽ ሁለት በቅርብ ቀን" ብለው ለጥፈዋል። ለዚህ ነው ሰው የላኩብሽ? "መጨረሻውን ስጪኝ፣ ስምሽን ሽፋኑ ጥግ ላይ አስገባልሻለሁ"… ይሄን ያህል ደግነት! ለገዛ ልጅሽ የክርስትና እናት ሊያደርጉሽ እኮ ነው!

እኔ ምን አገባኝ? ብቻ ሾፌሮቹ፣ ካፒቴኗ ሮቦቱን ጨረቃ ላይ ጥላው ትሄዳለች ወይስ አብራው ትቀራለች እያሉ እህል አልበላ ብሏቸዋል። ጌቾማ በሐሳብ ከስቶ መሪው ጀርባ አይታይም፤ መኪናው ብቻውን የሚሄድ ይመስላል። እነሱ ዛሬ ካንቺ ገጽ፣ በአንቺ ስም ካነበቡት፣ ነገ "የኔ ነው" የሚል… ኧረ እኔ ምንም አላልኩም!

ውይ! ነካሽው? መጨረሻውን ለሁሉም ላክሽው? … ስሚ፣ ወደብ ላይ ክላክሱ ሲያብድ! ሰርግ አስመሰሉት እኮ!

እንዴ… ከኋላችን ያሉት ሰውዬ ተነሡ። ውሃቸውን እንኳ አልጨረሱም። ሙቀቱ ይሆናል፣ ፊታቸውም ቀልቷል… በይ ሳይርቁ እንመርቃቸው፤ አንቺ አሜን በይ። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ዓይናቸውን ያብራላቸው። እስከ ዛሬ የጻፉትን ሁሉ፣ አንድ ቀን ለማንበብ ያብቃቸው።