በስሌቱ ውስጥ የተዘለሉት ሰው

አባታችን ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው የሰሙት ንግግር እንደሌለ የምታውቋቸው ሁሉ ታውቃላችሁና፣ ይህንን የሕይወት ታሪካቸውንም ሳናረዝም እናነባለን።

አባታችን ከቆርቆሮ ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ስድስተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ገና በእግራቸው እንደ ሄዱ እናታቸው «ለዚህ ልጅ እግር እንጂ መቀመጫ አልተፈጠረለትም» ይሉ እንደነበር ታላቅ እህታቸው እስከ ዛሬ ያወሳሉ። ትምህርታቸውንም በትጋት ተከታትለው በፊዚክስ ከተመረቁ በኋላ፣ የጠፋ ወይም የተደበቀ ጨረር አመንጪ ቁስ በሚፈልግ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ፤ ከእናታችንም ጋር በትዳር ተጣምረው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ።

ጋማ የሚባለው ጨረር በዓይን አይታይም፣ እንደ ብርሃንም በመነጽር አይሰበሰብም። ስለዚህ ጨረሩን በሚይዘው ካሜራ ፊት ቀዳዳ የበዛበት የእርሳስ ብረት ሰሌዳ ይቆምና፣ ሰሌዳው ከሚጥለው ጥላ ቁሱ ያለበት አቅጣጫ ይታወቃል። አባታችን ካሜራው ከመሠራቱ በፊት ካሜራውንም፣ ግድግዳውንም፣ የብረት ክምሩንም በኮምፒውተር ውስጥ በቁጥር እየሠሩ፣ ሚሊዮን ጨረር ለቀው እያንዳንዱ የት ነጥሮ የት እንደ ወደቀ ይከታተሉ ነበር። እናታችን «አንድ ልጅ ትምህርት ቤት አድርስ ሲሉት ይረሳል፤ ሚሊዮን ጨረር ግን ደጃፉ ድረስ ይሸኛል» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ከፋብሪካ የጠፋ ጣት የማያህል ቁስ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ተቀላቅሎ ብረት መሸጫ ግቢ ገባ። አባታችን ያሰሉት ካሜራ ተወስዶ የግራውን ክምር አመለከተ፤ ያም ክምር ቀኑን ሙሉ ሲገለበጥ ዋለ። ከዚያ ራቁ የተባሉት የግቢው ሚዛን ተቆጣጣሪ ታዘው ሄደው የተቀመጡት ግን በቀኙ ክምር ላይ፣ እጃቸውን ያሳረፉትም ቁሱ ካለበት ብረት ላይ ነበር። በጨረሩ ተቃጥለው ሦስት ጣት አጡ።

ስሕተቱ ኋላ ተገኘ። አባታችን የአፈሩን እርጥበትና የዝገቱን ውፍረት ሳይቀር በስሌቱ ሲያስገቡ፣ በካሜራው ዙሪያ የሚቆመውን ሰው ረስተው ኖሯል። የሰው ገላ አብዛኛው ውሃ ነውና፣ ጨረሩ ከቆሙት ሰዎች ገላ እየነጠረ በጎን ገብቶ ሥዕሉን አዛብቶት ነበር። አባታችን ሆስፒታል ሄደው ይህን ሳይሸፋፍኑ ሲነግሯቸው፣ ሚዛን ተቆጣጣሪው እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ «ጌታዬ፣ አፈሩን ቆጥረው እኔን ዘለሉኝ?» አሏቸው።

ከዚያ ወዲህ አባታችን እህል በልተው ሳይጨርሱ የሚነሱ፣ ሰው ሲያዋሩ በር በሩን የሚያዩ ሆኑ። ከእናታቸው የወረሱትን የልብስ መለኪያ ሜትር በኪሳቸው ይዘው ጥበቃውን፣ ጽዳት ሠራተኛዋን፣ ሹፌሩን እየለኩ፣ ሁሉንም ከውሃ ሠርተው በስሌታቸው አስገቡ። ልጃቸው ከአሥረኛ ክፍል ትምህርቷን አቋርጣ ነፍሰ ጡር ሆና ቤት ስትመለስ፣ ቤተሰቡ ቁጣ ሲጠብቅ፣ እሳቸው ሜትራቸውን አውጥተው ወገቧን ለክተው ወጡ። በማግሥቱ በስሌታቸው ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ካሜራው አጠገብ ቆማ ነበር። ስለ ትምህርቷ አንድም ቀን አላነሱባትም።

ባለፈው ዓመት አጥንታቸው ታመመ። ለምርመራ ጨረር ያለበት መድኃኒት ተወግተው፣ እሳቸው ራሳቸው ጨረር አመንጪ ሆነው በሆስፒታሉ ጋማ ካሜራ ሥር ሊጋደሙ ሲሉ፣ ስለ ውጤታቸው ሳይሆን ባለሙያዋ የት እንደምትቆም ደጋግመው ጠየቁ፤ ቦታዋን ካላሳየቻቸው አልተኛም ብለው አስቸገሩ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በስድሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አባታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ከመወለዱ በፊት የተለካ አንድ የልጅ ልጃቸውንና ታላቅ እህታቸውን ትተው ሄደዋል። አባታችን ቅዳሜ ቅዳሜ ሳያጓድሉ ሲጠይቋቸው የኖሩት ሚዛን ተቆጣጣሪም ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠዋል። ፈጣሪ፣ በምድር መቀመጫ ያጡትን አባታችንን ማረፊያ ይስጥልን፤ የእሱ የሆኑትን ሲቆጥርም አይዝለልብን።